ከማን ጋር ሲነጻጸሩ?

ካርዱ ላይ ያረፈው ቁጥር 19 ነበር፤ ከ30። ከዚያ ወዲህ ብዙ ካርድ አይቻለሁ፣ ብዙ ቁጥርም ጽፌአለሁ። ያ 19 ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ እዚህ ደርሷል። ዛሬ የምጽፈው እሱን አውጥቼ በደንብ ላየው ስለፈለግሁ ነው።

ቁጥሩ የአንዲት እናት ነው፤ የመጡት ከባቲ በኩል፣ ደሴ ወዳለው ሆስፒታላችን ነው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ "ሰባውን ካለፍኩት ቆየሁ" አሉ። ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ "እማ መርሳት ጀምራለች፤ የነገርኳትን ትረሳለች፣ ስጠራትም ዝም ትለኛለች" አለች። የተመላላሽ ክፍሉ እንደ ወትሮው ከበሩ ጀምሮ ሞልቷል። ኢንተርኑ የ30 ነጥቡን የአእምሮ መመዘኛ አውጥቶ መጠየቅ ጀመረ፤ በልምምድ ላይ ያለሁት እኔ መልሱን እመዘግባለሁ።

"ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?" "የባቲ ማግስት።" ሰኞ የባቲ ገበያ እንደሚውል የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ ያ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነበር። "ወሩስ?" "ሸዕባን ነዋ! ረመዳን ሊገባ ነው እኮ ልጄ።" ይህም ልክ ነበር። ቅጹ የሚፈልገው ግን ሌላውን የወር ስም፣ ከነቀኑና ከነዓመተ ምህረቱ ነው። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ወደ ታች እንዲቆጥሩ ሲጠየቁ ዝም አሉ። "ዓይንዎን ይጨፍኑ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ፊቱንም ጀርባውንም አይተው መለሱት። በመጨረሻ ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን አይተው እንዲስሉ እርሳስ ተሰጣቸው። እርሳሱን በጣቶቻቸው መካከል ትንሽ አገላብጠው አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞረው "አብሽሪ ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉኝ። እሳቸው ተመርማሪ ሆነው ሳለ የሚያጽናኑት እኔን ነበር።

በመሀል የተነገሯቸውን ሦስት ቃላት ግን ከደቂቃዎች በኋላ አንድም ሳያጓድሉ ነው የመለሱት። ነጥቡ ተደመረ፤ 19 ሆነ።

ሃያ ሁለት

ማታ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ቅጹን እንደገና ዘርግቼ ነጥቡን ከላይ ወደ ታች ደመርኩ። መመዘኛው እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። ሐኪም በታካሚው አልጋ አጠገብ ቆሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዲጨርሰው የታሰበ ስለሆነ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። ለጊዜና ለቦታ 10 ነጥብ፣ ቃላት ለመያዝ 3፣ ለትኩረት ማለትም ለመቀነሱ 5፣ ቃላቱን ለማስታወስ 3፣ ለቋንቋና ለሥዕሉ 9። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 በታች ያገኘ ሰው "የመርሳት በሽታ ሊኖርበት ይችላል" ይባላል።

አሁን ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ አእምሮው ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው እናስብ። የጽሑፉን ትእዛዝ አያነብም፤ አንድ ነጥብ ሄደ። ዓረፍተ ነገር አይጽፍም፤ ሌላ አንድ። በዕድሜው እርሳስ ያልያዘ እጅ የተጠላለፈውን ቅርጽ አይስልም፤ ሦስተኛው። በባዶ ቁጥር መቀናነስ አልለመደምና አምስቱ የትኩረት ነጥቦችም ሄዱ። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ያለ አንዳች ስህተት ቢመልስ የሚያገኘው 22 ነው። ገና ሳይጀመር ከመስመሩ በታች ነው ማለት ነው። ይህንን ሳሰላ ብቻዬን ተቀምጬ ደሜ ፈላ። የወሎ ገጠር እናቶች ትውልድ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ፊደል ያልቆጠረው አእምሮው ስላነሰ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ በነበረበትም ሴት ልጅ ስላልተላከች ነው። ያ በደል አንድ ጊዜ ልጅነታቸውን ወስዷል። በስተርጅና ደግሞ ወረቀት ሆኖ መጥቶ "በሽተኛ ነሽ" ሊላቸው ነው።

ችግሩን እኔ አላገኘሁትም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከቆየ ጀምሮ ያውቁታል። የመመዘኛው ውጤት በትምህርት ደረጃ እንደሚለዋወጥ ደጋግመው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው "10/66" የተባለው የምርምር ቡድን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቁጭት ነው። በጊዜው ሁለት ሦስተኛው ወይም 66 በመቶው የመርሳት ታማሚ የሚኖረው በታዳጊ አገሮች ሆኖ ሳለ፣ ከሕዝብ ተነሥቶ ከሚሠራው ምርምር እነዚህን አገሮች የሚመለከተው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በኋላም በታንዛኒያና በናይጄሪያ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሚሆን አጭር መመዘኛ ተሠርቷል። እርሳስ አያስይዝም፤ ሰውዬው የክብሪት እንጨቶችን እንዳሳዩት አድርጎ ይደረድራል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

"ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት?"

ወደ ተመላላሽ ክፍሉ ልመለስ፤ ዋናው ነገር የሆነው ከድምሩ በኋላ ነውና።

ሐኪሙ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ተነሥቶ መጣ። ካርዱን አየ፤ ምንም አላለም። ወንበር ስቦ ከእናት በስተቀኝ ተቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎም ቀስ እያለ "እማማ፣ መቶ ብር ይዘው ባቲ ወጡ እንበል። ሰባት ብር አወጡ። ስንት ቀረዎት?" አላቸው። "ዘጠና ሦስት።" "ሌላ ሰባት ቢያወጡስ?" "ሰማንያ ስድስት።" "ሌላ ሰባት?" "ሰባ ዘጠኝ።" ከዚያ ቀና ብለው አዩትና "ለመሆኑ ዛሬ በሰባት ብር ምን ይገዛል፣ ልጄ?" አሉት።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ልጅቱ ዞረ። ጥያቄው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። "አሁን ያሉትን ተዪውና፣ ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ያደርጉት የነበረ፣ አሁን ግን የማይችሉት ነገር ምን አለ?"

ልጅቱ ለማሰብ ጊዜ ወሰደች። እቁቡን ማን እንደሚጥል፣ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንደቀረው እማ ዛሬም በቃሏ ትይዛለች። ብድር ያለበትን ሰው ስምና ልክ ታውቃለች። መንገድ አትስትም። ወጥ አታሳርርም። ለለቅሶ ስትሄድ ማን ለእኛ ለቅሶ መጥቶ ነበር የሚለውን ለሌሎቹ የምታስታውሰው እሷ ናት። "እንዲያው ስጠራት ነው እንጂ..." አለችና ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ሁላችንም ሐኪሙ ለምን በቀኝ በኩል እንደተቀመጠ ገባን። ስትጠራቸው ዝም የሚሏት፣ የነገረቻቸውንም የሚረሱባት የግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው። በቀኙም ቢሆን በደንብ የሚሰሙት ፊት ለፊት ሲነገራቸው ነው። ወደ ጆሮ ክፍል ተላኩ።

ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድልን ይጨምራሉ ብሎ ከዘረዘራቸው፣ ሰው ሊቀንሳቸው ከሚችላቸው 14 ምክንያቶች አንዱ የመስማት ችሎታ መቀነስ ነው። ዝቅተኛ ትምህርት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ድብርት፣ የዓይን መጋረድ፣ ብቸኝነትና የአየር ብክለትም አሉበት። አሥራ አራቱ ሙሉ በሙሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል ሪፖርቱ። ይህ ቁጥር የሕዝብ ቁጥር መሆኑን አስምሬ ማለፍ እፈልጋለሁ። "ጆሮሽን ብትታከሚ አደጋሽ በ45 በመቶ ይቀንሳል" ማለት አይደለም። ቢሆንም ዝርዝሩን ሳነብ የወሎን መንደር ነው ያየሁት፤ ጭስ የሞላበት ጓዳ፣ ያልተለካ ደም ግፊት፣ ሞራ የጋረደው ዓይን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተቃራኒውን አየሁ። በመምህርነት ኖረው ጡረታ የወጡ አባት በዚያው መመዘኛ ከ30 ነጥብ 28 አመጡ። መቀነሱን እስከ 65 ድረስ ሳይደናቀፉ ወረዱበት። ወረቀቱ ጤነኛ ናቸው አለ። አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ግን "ልጆቼ፣ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑብኝ" አሉ። የዕድሩን ሒሳብ ሃያ ዓመት ሲይዙ አንዲት ሳንቲም ያላጓደሉ ሰው፣ አሁን ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ከፒያሳ ወደ ቤት ሲመለሱ ቆመው መንገድ ጠይቀዋል፤ ደሴ ተወልደው ደሴ ያረጁ ሰው! ኢንተርኑ ለወይዘሮዋ ለውጥ ሊኖር እንደሚችል ሲያስረዳ ለቀባሪው አረዱት ሆነ። እሳቸው ከወረቀቱ ዓመት ቀድመው ያውቁታል።

በሽታው ራሱ ወደ ሕክምና መጽሐፍ የገባው በዚህ በር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ ዴተርን ሲመረምር የ51 ዓመት ሴት ነበረች። ወደ ሆስፒታል ያመጣት የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው ባሏ ነው፤ ባሕርይዋ መለወጡን፣ ቤቱን መምራት እንዳቃታት ያየው እሱ ነው። በአንጎሏ ውስጥ የነበሩት የበሽታው ምልክቶች፣ ክሮቹና ንጣፎቹ፣ በማይክሮስኮፕ የታዩት ከሞተች በኋላ፣ በ1906 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማስረጃ "እንዲህ አልነበረችም" የሚል የአንድ ሰው ምስክርነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪው አንቶኒ ጆርም በአውስትራሊያ ይህንኑ ምስክርነት መጠይቅ አደረገው፤ ቅርብ የሆነ ሰው ታማሚውን ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረበት ጋር እያነጻጸረ ይመልሳል። የሐኪሙ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ይህን ሳነብ ነው። ፊደል መቁጠር አለመቁጠር በዚህ መጠይቅ ላይ ያለው ጫና ትንሽ ነው፤ ሰውየው የሚለካው በራሱ ነውና።

የራሴ ደብተር

በራስ መለካት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ደብተር ያዝኩ። ማታ ማታ አሥር ቃላት አነባለሁ፤ እራት በልቼ ስመለስ የማስታውሳቸውን እጽፋለሁ። ከጎኑ የተኛሁበትን ሰዓት፣ የጠጣሁትን ቡና፣ ስልኬ የቆጠረውን እርምጃ አሰፍራለሁ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ያሳተመው ጥናት የተመሠረተው በራሱ ላይ ብቻ ባደረገው ሙከራ ነበር፤ ትርጉም የሌላቸው ቃላትን እየሸመደደ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚጠፉበት ለካ።

ደብተሩ መጀመሪያ ያስተማረኝ ቁጥር በባሕርዩ እንደሚወዛወዝ ነው። ምንም ባልተለወጠበት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ያስታወስኩበት ማታም አራት ያስታወስኩበት ማታም አለ። አራት በወረደበት ማታ ደንግጬ ነበር፤ በበነጋው ወደ ወትሮው ተመለሰ። በጣም ዝቅ ካለ ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መካከለኛው የሚጠጋው ሰው ስለታከመ ወይም ስለተሻለው አይደለም፤ የቁጥር ጠባይ ነው። ከዚህ የተነሣ በከፋ ቀኑ ወደ ሐኪም የመጣ ሰው ምንም ባይሰጠውም በሚቀጥለው ቀጠሮ የተሻለው ሊመስል ይችላል። ለመድኃኒት ሙከራ አነጻጻሪ ቡድን ለምን ግድ እንደሆነ መምህራኖቻችን ደጋግመው ነግረውናል፤ በአጥንቴ የገባኝ ግን በራሴ ደብተር ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ውጤቴ ከወር ወር ከፍ እያለ ሄደ። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈተናውን ለመድኩት። ቃላቱን በታሪክ ማያያዝ ያዝኩ። መምህሩ አባት በ28 ላይ የቆዩት ዕድሜ ልክ የተለማመዱት አእምሮ የጎደለውን ስለሸፈነላቸው ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው ያሳሰበኝ ነው። ዓምዶቹን ሁሉ እርስ በርስ ሳስተያይ "እርምጃ በበዛበት ቀን ማስታወስ ይጨምራል" የሚል ግንኙነት አገኘሁ። ቶሳ ተራራ ሥር በተሠራ ከተማ ውስጥ ዳገት ለሚወጣ ሰው ደስ የሚል ዜና ነው። ነገር ግን በአጋጣሚ ከ20 አንድ ጊዜ በሚታለፍ ወንፊት 20 ግንኙነት ባጣራ፣ ምንም እውነት ባይኖር እንኳ ከ20ዎቹ አንዱ ማለፉ የሚጠበቅ ነው። የምወደውን አንዱን መርጬ አሥራ ዘጠኙን ዝም ማለት ለራሴ መዋሸት ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ግንኙነቱን ለማመን አስቀድሜ ጥያቄዬን ጽፌ፣ እንደ አዲስ መለካት ነበረብኝ። ስለካው ጠፋ።

ሃያ ሰባት በመቶ

በዚህ መሀል ነው ስለ ሌካኔማብ የሚናገረውን ጥናት በቁም ነገር ያነበብኩት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ሙሉ ፈቃድ ያገኘ፣ በአንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን የሚያስወግድ መድኃኒት ነው። "የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘገየ" ተብሎ ተሰራጨ። ሐሰት አይደለም። ከ1,700 በላይ ሰዎች ለ18 ወራት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በ18 ነጥብ መለኪያ ላይ መድኃኒቱን ያልወሰዱት በአማካይ 1.66 ነጥብ ሲባባሱ የወሰዱት 1.21 ተባባሱ። ልዩነቱ 0.45 ነው፤ ከ18 ነጥብ ላይ ከግማሽ ነጥብ ያነሰ። 27 በመቶውና 0.45ቱ አንድ ነገር ናቸው። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ግን ሌላውን ከሰማው ጋር ፈጽሞ አይስማማም።

በደብተሬ ውስጥ የአንድ ማታና የሌላው ማታ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ካየሁ በኋላ፣ አንድ ልጅ በእናቷ ላይ ይህችን ልዩነት ማየት እንደማትችል ይገባኛል። ብዙ ሰው ሲደመር ውዝዋዜው ይጣፋና ትንሿ ልዩነት ትወጣለች፤ ሳይንሱ እውነት ነው፣ ቤተሰቡም "ለውጥ አላየንም" ቢል እውነቱን ነው። በጥናቱ ላይ መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር። አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል በኤምአርአይ መከታተል ያስፈልጋል። ሲጀመር የተቆረጠለት ዋጋ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። ምርምሩን አከብራለሁ፤ በጣም አከብራለሁ። ግን ከባቲ የመጡት እናት ከጆሮ ምርመራ የሚያገኙት ነገር ይበልጥብኛል።

ሌላም ስሌት አለ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። 1,000 አረጋውያን አሉ እንበል፤ 50ዎቹ በእርግጥ የመርሳት በሽታ አለባቸው። በጣም ጥሩ መመዘኛ ይኑረን፤ ከታመሙት 90 በመቶውን የሚያገኝ፣ ከጤነኞቹም 90 በመቶውን በትክክል የሚለይ። ከ50ዎቹ 45ቱን ያገኛል። ከ950ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 95ቱን "ታመዋል" ይላል። "አለብዎት" ከተባሉት 140 ሰዎች ውስጥ የሌለባቸው 95 ናቸው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው በማይሆን መመዘኛ ደግሞ ይህ ቁጥር የት እንደሚደርስ አስቡት።

በእኛ መንደር "ጃጅታለች" የተባለች እናት የሚደርስባት የታወቀ ነው። በመሬቷ ላይ ሌሎች ይወስኑላታል። ጠብ ሲነሣ አስታርቂን ብሎ የሚመጣ ይቀራል። ዱዓ ስታደርግ አሚን የሚለው እንኳ ድምፁን ይቀንሳል። በስህተት የተለጠፈ ስም የሚነጥቀው ይህን ሁሉ ነው።

ቡና አብሮ የሚጠጣው

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ሰውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው ብዬ አምኛለሁ። ቢሆንም ለዚህ የትናንቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ እየከበደ ነው። ልጆች ዐረብ አገር ናቸው። ሴት ልጅ ሳዑዲ ሆና በወር አንዴ በስልክ የምትሰማው ድምፅ "ደህና ነኝ፣ አብሽሪ" የሚል ነው። አረጋዊቷን ወደ ሆስፒታል ይዞ የሚመጣው አሥር ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጅ ወይም መንገድ ላይ የተለመነ ጎረቤት ነው። "ከአሥር ዓመት በፊት እንዴት ነበሩ?" ብለን ብንጠይቀው መልስ የለውም።

ስለዚህ በልምምዴ ላይ ጥያቄዬን ለውጫለሁ። "ቡና አብራችኋቸው የምትጠጡት እነማን ናችሁ?" እላለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያረጁ ጎረቤቶች አሉ። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንዷን ወሬ፣ ቀልድ፣ ሒሳብና ምርቃት ሲሰሙ የኖሩ። ባለፈው አንዲት ጎረቤት በስልክ ሳነጋግራት "ድሮ ጀባ ስትል የሁላችንንም ልጆች በስም እየጠራች ነበር የምትመርቀው፤ ከዓምና ጀምሮ ግን የሞተውን ልጄን ጤና ይስጥህ ትላለች" አለችኝ። ይህን የሚጠይቅ አንድም ቅጽ አላየሁም።

ለመመረቂያ ጥናቴ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የቡና ጎረቤት የሚሰጠው መልስ፣ አብሮ ከሚኖር ልጅ መልስና ከሐኪም ምርመራ ጋር ምን ያህል ይስማማል? ልጆች በሌሉበት ቤት ጎረቤቷን አምነን መነሣት እንችላለን? ሐሳቡን ለአማካሪዬ አቅርቤዋለሁ። ወዶታል፤ አስቀድሞ የጠየቀኝ ግን ስንት ሰው እንደሚያስፈልገኝና ከአንድ ታማሚ ስንት ጎረቤት እንደምጠይቅ ነው። አሁን ያንን እያሰላሁ ነው።